የቡሬ ትንፋሽ

ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ እውነት ነው። ከዋሸሁ ምላሴ እንደ ጎጃም መንገድ ይዘጋ፤ ያውም እንደዚያ ሰሞን፣ በግንድና በድንጋይ። የሞተ በሬ ሲተነፍስ በዓይኑ ያየ መንደር ሱሉልታ ዳር አለ። የዚያን በሬ ዝምታ በጆሮው ያደመጠ ሽማግሌም አለ። አንዲት ነፋስ የሚጥላት የምትመስል ልጅ ደግሞ በገና ዋዜማ አንድ መንደር ሙሉ ጾመኛ ከሥጋ ከልክላለች። ስምንተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ጋር በሰላም የተለያየሁ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከራሴ ላወጣው አልችልም።

"ሂንዱኔ! አልሞተም!" አለ ቦጂያ ቢላዋውን በድንጋይ እየሳለ። "ሆዱን አታዩትም? ይተነፍሳል እኮ!"

ቦጂያ በሹክሹክታ ሲናገር እንጦጦ ላይ ያለ ጅብ "አቤት" ይላል። ሲጮኽማ አስቡት። አባቱ ከሞቱ ወዲህ የመንደሩን ቅርጫ የሚያርደው እሱ ነው፤ በበዓል ሰሞን ከቤቱ ቢላዋው ቀድሞ ይወጣና እሱ ይከተላል።

ያቺ ነፋስ የሚጥላት የምትመስል ልጅ፣ ኤልሳቤት፣ ሁለት እጇን ዘርግታ በቢላዋውና በበሬው መካከል ቆመች።

"ሞቷል ጋሽ ቦጂያ። እኔ ስደርስም ሞቶ ነበር። እባክህ አትጠጋ።"

"የሞተ ይተነፍሳል?"

"ትንፋሽ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው? ጸሎት እያደረሰ ነው?"

ከኋላው የቆሙት ሳቁ። ኤልሳቤት አልሳቀችም፤ እጇንም አላጠፈችም።

እንዳልዋሽ፣ ሆዱ ይንቀሳቀስ ነበር። ቡሬ፣ የኦቦ ጉታ በሬ፣ አራት እግሩን ወደ አንድ ጎን ዘርግቶ ተጋድሟል። ሆዱ እንደ ሠርግ ድንኳን ተወጥሯል፤ ቆይቶ ቆይቶ ከፍ ይላል፣ ቆይቶ ዝቅ ይላል። ከአፍንጫው የወጣው ደም ጥቁር ነው፤ እንደ ደም አልረጋም፣ እንደ ውሃ ይወርዳል። ጠዋት በደኅና ሣር ሲግጥ የነበረ በሬ ፀሐይ ሳትከር ነው የወደቀው።

ነገሩ የሚገባው ሕጉን ለሚያውቅ ነው። በራሱ የሞተ ከብት በክት ነው፤ የእኛ አገር ገበሬ በረሃብ ቢያልቅ አይቀምሰውም። ትንፋሹ ሳይወጣ ቢላዋ ከደረሰለትና የሥላሴ ስም ከተጠራበት ግን ሥጋ ነው፤ ሰው ይባረክበታል። ስለዚህ ከብት ድንገት ሲወድቅ ማንም "ምን ነካው?" ብሎ አይጠይቅም። "ትንፋሽ አለው?" ነው የሚባለው። አለው ከተባለ ሰው ቢላዋ ይዞ ይሮጣል።

በዚያ ቀን ደግሞ ትንፋሽ እንዲኖረው ያልፈለገ ሰው አልነበረም። ዘመኑ ሁለት ሺህ ስምንት ነው። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን የተነሣ ሰልፍ ነበር፣ ጥይት ነበር፣ እስር ነበር። ጎረምሳው ግማሹ በካሚዮን ተጭኗል፣ ግማሹ ጫካ ነው። መንገዱ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ የገና ገበያ አልቆመም፤ ከጫንጮ ይመጣል የተባለው የቅርጫ በሬም የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። መንደሩ የነቢያትን ጾም በሽሮ ሊፈታ ተሰናድቶ ሳለ ነው እንግዲህ ቡሬ፣ ያ አውቶቡስ የሚያክል በሬ፣ መሐል ሜዳ ላይ የተዘረጋው።

ኤልሳቤት የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ከሆሳዕና ተመድባ መጥታ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሰው ሰላምታ አይነፍጋትም፤ ከሰላምታ ወዲያ ግን ደጁን የሚከፍትላት የለም። የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ጴንጤ ናት፤ ኦሮምኛዋ "አካም ጅርቱ" ላይ ያልቃል። በኅዳር የክትባት ሳጥኗን አንግታ ስትመጣና "ስንት ከብት አላችሁ?" ስትል መንደሩ ተጠራጠረ። "ዛሬ ከብቱን ከቆጠሩ ነገ መሬቱን ይለካሉ" ተባለ። ከብቱ ሁሉ በአንድ ሌሊት ጫካ ገባ። ኤልሳቤት ባዶ በረት አየች፣ ክትባቱን ይዛ ተመለሰች። ያኔ ከተደበቁት አንዱ ቡሬ ነበር።

ለገና አገሯ ልትገባ አስባ ነበር፤ እናቷም ጠብቃታለች። መንገዱ ነው ያስቀራት።

ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ በዚያ ሰሞን እንደ እንግዳ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። የወረዳው ዶክተር በሁለተኛው ጥሪ አነሣው።

"ዶክተር፣ አባ ሰንጋ ነው መሰለኝ።"

"ከፍተውታል?"

"አልከፈቱትም።"

"እንዳይከፍቱት! የሚነሰነስበት ኖራ እንዳልልክልሽ መኪናው ከኬላው አያልፍም። ቅበሩት። ማን አለ አብሮሽ?"

ኤልሳቤት ዙሪያዋን አየች። ሜዳው ሰው ሞልቷል።

"ማንም" አለች።

ኔትወርኩ እዚያው ላይ ሄደ።

"ምን አለሽ?" አለ ቦጂያ።

"አትክፈቱት አለ።"

"ይላላ! የሱ ዶሮ ለገና ተገነጣጥላ ተቀምጣለች። የሰው በሬ ላይ እኮ መፍረድ ቀላል ነው።"

"አባ ሰንጋ ነው ጋሽ ቦጂያ።"

ስሙ ሲጠራ ከፊት የነበሩት አንድ እግራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ከብትንም ሰውንም የሚፈጀውን የዚያን በሽታ ስም የማያውቅ የለም፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ያው ነው። ቦጂያ ግን ደረቱን ነፋ።

"አባ ሰንጋ ቢገድል ኖሮ እኛ መች እንተርፍ ነበር? አባቴ ስንቱን ወዳቂ አርዶ በልቷል!"

"አባትህ በምን ነበር የሞቱት?" አለች ዱርሲቱ፣ የኦቦ ጉታ ሚስት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች።

"እጁ ላይ በወጣ ጥቁር ቁ..." ብሎ ቦጂያ ቆመ። ከተወለደ ጀምሮ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ሲቀር ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ወዲያው ግን አገገመ። "እሱ ቡዳ ነው! እሱና ይሄ ምን አገናኘው?"

"ስሙኝ" አለች ኤልሳቤት። ድምጿ ቀጭን ነው፤ ሰው ለመስማት መጠጋት ነበረበት፣ መጠጋት ደግሞ ከልክላለች። "ይሄን በሽታ የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ተባይ ነው፤ የት እንዳለ የሚያውቀው በአየሩ ነው። እኛም ከብቱም ተንፍሰን የምናስወጣው የተቃጠለ አየር መጀመሪያ ደማችን ውስጥ ነው ያለው። ተባዩ ያን አየር ሲያገኝ 'አሃ፣ ሰው ቤት ገብቻለሁ' ይላል። ካፖርቱን ይለብሳል፣ መርዙን ይፈታል። ካፖርት ስለለበሰ ደም ውስጥ ያለው ዘበኛ ሊይዘው አይችልም።"

"ካፖርት!" አለ ቦጂያ። "በሱሉልታ ብርድ እኛ ጋቢ አጥተን እሱ ካፖርት!"

ሜዳው ሁሉ ሳቀ። አንዲት አሮጊት ሳቋ አላቆም ብሏት ተቀመጠች። ኤልሳቤትም እዚህ ላይ ጥርሷ ትንሽ ታየ፤ ቶሎ ከደነችው።

"እሺ" አለ አንድ ሽማግሌ። "በሬው ከሞተ ወዲያስ?"

"አሁን ቤቱ ተዘግቶበታል አባቴ። ሆዱ ውስጥ የሞላው የብስባሽ ጋዝ ነው፤ ንጹሕ አየር የለም። ቆዳው ካልተቀደደ ተባዩ እዚያው ታፍኖ ያልቃል። ቢላዋ ከገባ ግን ንጹሕ አየር ያገኛል። ያን ጊዜ ካፖርቱን ይጥልና ዘር ይሆናል። ዘሩን ዝናብ አያበሰብሰው፣ ፀሐይ አያደርቀው። የልጅ ልጆቻችሁ እስኪያርሱ መሬት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።"

"ቡሬንስ ከየት አገኘው?"

ይህን የጠየቀው ኦቦ ጉታ ነው። ከሰው ተነጥሎ፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ ነበር።

ስለ ጉድጓዱ ልንገራችሁ። ቡሬ የወደቀበት ሜዳ ድሮ የኦቦ ጉታ እርሻ ነው። በኋላ ለአንድ ኢንቨስተር ተሰጠ፤ በቆርቆሮ ታጠረ፤ ዶዘር መጥቶ ለሽንት ቤት ነው ተብሎ ቤት የሚውጥ ጉድጓድ ቆፈረ። ሁከቱ ሲነሣ ቆርቆሮው ፈረሰ፣ ዘበኛው ሸሸ፣ ከጉድጓዱ የወጣው አፈር እንደ ተራራ ተቆልሎ ቀረ። ከብቱም ገባና በአፈሩ ዙሪያ ያለውን ሣር ይግጥ ጀመር።

ኤልሳቤት አፈሩን አየች። ወደዚያው በአገጯ አመለከተች።

"አባቴ 'እዚህ ጋ አትቆፍሩ፣ ከብት አልቆ የተቀበረበት ነው' ይል ነበር" አለ ኦቦ ጉታ። "ለሰዎቹም ነግሬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ዶዘር አማርኛም ኦሮምኛም አይሰማ።"

በዚህ መሐል የቡሬ ሆድ ከፍ አለ፤ በጣም ከፍ አለ፤ ከአፉም ፉፍ የሚል ድምፅ ወጣ።

"ተነፈሰ!" ቦጂያ ዘለለ። "በማርያም፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል! ኦቦ ጉታ፣ አንድ ቃል ተናገሩ። በሬው የእርስዎ ነው። ይተነፍሳል ካሉ በስመ አብ ብዬ እባርከዋለሁ። አይተነፍስም ካሉ ቢላዋዬን ወደ አፎቱ እመልሳለሁ።"

ሜዳው ሁሉ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ኦቦ ጉታ በሬውን አየ። ሌላው ሰው ትንፋሹን የፈለገው ለሥጋው ነው፤ እሱ ግን የፈለገው ለትንፋሹ ነው። ልጁ ዳዲ በካሚዮን ከተጫነ ወዲህ የት እንዳለ አይታወቅም። ከእርሻው የቀረችው ከሜዳው ማዶ ያለች ቁራጭ ናት፤ ያቺን ያረሰው በቡሬ ነው፣ ሲመሽም ያወራው ከቡሬ ጋር ነው። አፉን ሊከፍት ሲል ኤልሳቤት ከደረት ኪሷ የልብ ማዳመጫዋን ጎማ አወጣች።

"ኦቦ ጉታ፣ እኔን አይመኑኝ። ራስዎ ይስሙት።"

እጇ ላይ ፌስታል አጥልቃ የማዳመጫውን ጫፍ ከግራ እግሩ ሥር፣ ደረቱ ላይ አኖረች። ጆሮ ላይ የሚሰኩትን ሁለቱን ጫፎች ለሽማግሌው ሰጠች። ኦቦ ጉታ ባርኔጣውን አውልቆ ተንበረከከና ዓይኑን ጨፈነ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሱሉልታ ላይ ወድቆ አያውቅም፤ ጫንጮ ላይ ዶሮ ስትጭር ተሰማ።

"ምንም" አለ ኦቦ ጉታ።

ኤልሳቤት ጫፉን ወደ ሆዱ ወሰደችው። የሽማግሌው ዓይን ተከፈተ።

"አለ! ድምፅ አለ!"

"አላልኩም?" ቦጂያ ቢላዋውን አነሣ። ኦቦ ጉታ መዳፉን ዘርግቶ አስቆመው፤ ማዳመጡንም ቀጠለ። ቆየ። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ነው፤ ግን አልተነሣም።

"ብዙ ናቸው" አለ በመጨረሻ። "ይንጫጫሉ። ቡሬ አንድ ነበር።"

"እሱ አይደለም ኦቦ" አለች ኤልሳቤት በዝግታ። "እሱ ሲሄድ ቤቱን የወረሱት ናቸው። የሚተነፍሱት እነሱ ናቸው፤ ሆዱን የሚነፋውም የእነሱ ጋዝ ነው።"

ኦቦ ጉታ ጎማውን ከጆሮው አውልቆ የፈረሰውን ቆርቆሮ፣ የተቆለለውን አፈር አየ።

"እነሱንስ አውቃቸዋለሁ" አለ።

ከዚያ ዱላውን ተመርኩዞ ተነሣ። "ዱኤራ። ሞቷል። ቢላዋህን አስገባ ቦጂያ።"

"ኦቦ ጉታ፣ ነገ እኮ ገና ነው!"

"ገና ለከርሞም ይመጣል። ዳዲ ሲመለስ ከብት የሚያሰማራበት መሬት ይፈልጋል።"

ቦጂያ ቢላዋውን ወደ አፎቱ መልሶ ሄደ። ሰውም ተከተለው። ሲያልፉ ኤልሳቤትን ያየ አየ፣ ያላየ አላየም። ያቺ ስትስቅ የነበረች አሮጊት ግን አጠገቧ ስትደርስ ቆመች።

"አንቺማ ምን ቸገረሽ" አለቻት። "ጾመሽ አታውቂ።"

የቀሩት ኦቦ ጉታና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ኤልሳቤት የራሷን ሻርፕ ቀድዳ የቡሬን አፍንጫ ወተፈች፣ ሌላውንም ቀዳዳ ወተፈች። "እስክታጠብና ልብሴን እስክቀቅል ማንም እንዳይነካኝ" አለቻቸው። መሬቱ ወደ ጉድጓዱ ያዘነብላል። የአጥሩን ባሕር ዛፍ ነቅለው እንደ መፈንቅል ከሥሩ አስገቡና ገፉ። በሬው እምቢ አለ፤ ደግመው ገፉ፤ ተንከባለለ። ታች ሲያርፍ ረጅም፣ እንደ ሰው ያለ ትንፋሽ አወጣ። ቦጂያ መንደሩ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ሆኖ "አላልኳችሁም!" ሲል ተሰማ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች የዋዜማ ጸሎት አለብን ብለው ሄዱ። ኦቦ ጉታና ኤልሳቤት ደም የነካውን አፈር እየጠረጉ ጣሉ፤ ከዚያ ክምሩን በአካፋ ይመልሱ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌው በየአካፋው መሐል ያርፍ ጀመር።

"ይበቃዎታል ኦቦ። እኔ እጨርሰዋለሁ።"

"ብቻሽን?"

"ለምጄዋለሁ።"

ኦቦ ጉታ አካፋውን አፈሩ ላይ ተከለ። ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለ፤ ለእሷ አልነበረም፣ እሷም አልገባትም። ከዚያ ሄደ።

ኤልሳቤት አፈሩን ስትመልስ ዋለች። ፍርክስክስ አፈር ነው፣ ግን ተራራ ነው። አንዴ ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ናት። "ልጄ፣ ከማን ጋር ነሽ?" አለቻት። "ከሰዎች ጋር ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ" አለችና ኔትወርኩ ሳይቀድማት ዘጋችው። ጉድጓዱ ሲሞላ ከላይ የለበሰችውን የዝናብ ልብስና ፌስታሉን አቃጠለች፣ ጫማዋንና እጇን በበረኪና አጠበች። ፀሐይዋ ወደ መናገሻ ስታዘነብል መንገድ ጀመረች።

በየግቢው ጭስ ይወጣል። በኦቦ ጉታ ደጅ ስታልፍ በሩ ተከፈተና ዱርሲቱ ወጣች።

"ኮቱ፣ ነይ ግቢ ኤልሲ" አለቻት። "ሰው በገና ዋዜማ ብቻውን አያድርም።"

"ልብሴ..." አለች ኤልሳቤት።

"የእኔን ትለብሻለሽ። ያንቺን እንቀቅለዋለን።"

ኤልሳቤት ገባች። ከምድጃው አጠገብ አስቀመጧት፤ ኦቦ ጉታ ስለ ቡሬ ጥጃነት አወራ፤ ጠዋት አብራቸው ጾም ፈታች።

እዚህ ላይ ልቁም። ምላሴ እንዲዘጋ አልፈልግም። እስካሁን ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ካፖርቱም፣ የቦጂያ አባት ቁስልም፣ በጉድጓዱ ውስጥ የተሰማው ትንፋሽም። አንዲቷን ብቻ ከራሴ ጨምሬአለሁ። ዱርሲቱ አልጠራቻትም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ እሳቱም ይታይ ነበር። ኤልሳቤት አጥሩ ጋ ቆማ "እንኳን አደረሳችሁ" አለች። "እንኳን አብሮ አደረሰን" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ፤ በሩም ተዘጋ። በክፋት አይደለም። ማንም እንዳይነካኝ ያለችው ራሷ ናት፤ የሰው ትእዛዝ ማክበር ደስ የሚልበት ቀን ደግሞ አለ። እኔ ነኝ በበዓል ዋዜማ ሰው ደጅ አቁሜ ወሬዬን መጨረስ ያቃተኝ።

የሆነው ይህ ነው። ኤልሳቤት ከተዘጋው በር ፊት ትንሽ ቆመች። ክፍሏ በታች በኩል ነው፤ ቁልፉን በእጇ ይዛለች። በላይ በኩል፣ ከጉድጓዱ አቅጣጫ፣ ውሾች ተጣሉ። አፈሩ ገና አልጠናም፤ ውሻም ጅብም ይቆፍረዋል፤ እሾህ ቆርጦ የሚያለብሰው ሰው ያስፈልጋል። እሾሁን ለነገ ነበር ያሰበችው። ቁልፉን ኪሷ ከተተች። የኦቦ ጉታ መጥረቢያ አጥሩ ላይ ተሰክቷል፤ ጎረቤት እንደሚያደርገው፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ነቅላ ይዛው ወደ ላይ ተመለሰች።